ይቅር ብላለች

ሰው በአንድ ቃል ይታረቃል፣ በአንድ ቃል ይጣላል። በዚያው በአንዱ ቃል ሁለቱንም ባንዴ ያደረገ ሰው ካላያችሁ ግን የዓሣ ቤቷን አክስት አታውቋትም።

አክስትየዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ጆሮዋም ደህና ነው። ጥፋቷ የተላከችውን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ማድረሷ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ገበያው የሚቀዘቅዝበት ሰዓት። የወንድሟ ልጅ፣ ሠፈሩ ሁሉ ቅርፊት እያለ የሚጠራት፣ ሽርጧን ታጥቃ፣ ከመክተፊያው ጣውላ ፊት ቆማ አንድ ትልቅ ዓሣ ትፍቃለች። አክስትየዋ ከበር ውጭ ቃኘት አድርጋ ተመለሰች።

“ልጁ ውጭ ቆሟል።”

“የቱ ልጅ?”

“የቱ ይሆናል፣ ፋርማሲስቱ ነዋ። የተጨመቀ ሎሚ መስሎልሻል። ‘የእኔ ነገር ከምን ደረሰ በይልኝ’ አለኝ። ምን ልበለው?”

ቅርፊት ቢላዋዋን አላቆመችም። “ይቅር።”

“ይቅር?”

“ይቅር አልኩ እኮ፣ አክስቴ! ስንቴ ልበል?”

አክስትየዋ እጇን በጨርቅ ጠራረገች፣ ወጣች፣ ልጁን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። አሳዘናት። ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ “ይቅር ብላለች” አለችው።

እንግዲህ ፍረዱ። ልጅቱ ያለችው “ነገሩ ይቅር፣ በሩ ይዘጋ” ነው። ልጁ የሰማው በደሉ እንደተሰረየለት ነው። ቋንቋችን አንዳንዴ እንዲህ ይጫወትብናል፤ የሚጥለውንም የሚያነሣውንም በአንድ ከረጢት ይዞ ይዞራል። ልጁ መንገዱን ሲያቋርጥ መኪና ሊገጨው ነበር፣ ከደስታው ብዛት።

ቅርፊት የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ቤተሰቡ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ መድኃኒት ቤት ባለቤት ነው፤ እሷ ከአባቷ የወረሰችው ይህችን እርጥብ ወለል ያላትን ዓሣ ቤት ነው። መጀመሪያ ዓሣ ሊገዛ በመጣ ቀን ከጸጉሯ ላይ አንዲት ቅርፊት በሁለት ጣቱ አንሥቶ ለብርሃን አሳየና፣ “ካንቺ ላይ ስትሆን ይቺም ጌጥ ትመስላለች” አላት። እሷም ሳቀች። ስንት ሴት በዚህ በማይረባ ነገር ተሸንፋለች!

የጋብቻ ወሬ ሲጀመር እናቱ ለራት ጠራቻት። ቅርፊት ያን ቀን እጇን በሎሚ ፈተገች፣ በሳሙና ፈተገች፣ እንደገና በሎሚ ፈተገች፤ ቆዳዋ እስኪላጥ። ነጭ መጋረጃ ባለው ሳሎን ውስጥ፣ በእንግዶች መካከል፣ ከእሱ ጎን ተቀመጠች። ሾርባው ሳይቀርብ እናትየው አፍንጫዋን በመሐረብ ያዝ አድርጋ ተነሣች፤ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ “ዛሬ ደግሞ ምን ሸተተኝ?” አለች። አንዱ እንግዳ ሳቀ። አንዷ ሳል ይሁን ሳቅ የማይለይ ነገር አሰማች።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ቀጥሎ የሆነውን ነው። እሱ ወንበሩን ሸሸት አደረገ። ከአንድ ጋት አይበልጥም፤ ማንም ልብ አላለውም። እሷ ግን የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቀው ሰማች። ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ወንበር በጎተተ ቁጥር ጥርሷ ይፋጫል።

ያደረባት ነገር ኀዘን ቢሆን ደግ ነበር፤ ኀዘን አስለቅሶ ይወጣል። እሷን የያዛት መጸየፍ ነው። የመድኃኒት ቤቱ በር ሲከፈት የሚወጣው የአልኮልና የሳሙና ሽታ ሆዷን ያውከዋል። እሱ ይዞት የነበረውን ክንዷን እንደ እድፍ ታሸዋለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለማንም ያልነገረችው ነው፤ የገዛ እጇ ይቀፋታል። ስትተኛ እንኳ ከፊቷ አርቃ ትዘረጋዋለች፣ የሰው እጅ ይመስል።

ይባስ ብሎ ልጁ አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን፣ ጸሎት ሲያበቃ ተነሥቶ ማይክሮፎን ያዘ። “እናቴ በአንዲት ንጹሕ ልጅ ላይ ላደረገችው በደል በእግዚአብሔርና በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ” ብሎ አለቀሰ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አክስትየዋ፣ “ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም” እያለች አብራ አለቀሰች። ቅርፊትን አቅለሸለሻት። እናቱን ተናዘዘላት እኮ! የሰው ኃጢአት መናዘዝ እንዴት ይቀላል! ስለ ወንበሩ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ መካሪ ሆነ። “ክርስቲያን አይደለሽም ወይ? ይቅር በይ እንጂ!” ይሏታል፤ ይቅርታ ምራቅ ይመስል፣ ቱፍ ብለሽ ሂጂ ዓይነት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ያወጡት እነሱ ራሳቸው መሆናቸውን ረስተዋል። እሷ ግን አልቀለለባትም። አባታችን ሆይ ሲደገም፣ ይቅር የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ አፏ ይዘጋል። ሌላው ሰው ሲያልፈው ጠብቃ ከኋላው ትቀጥላለች። በገዛ ጸሎቷ ውስጥ የምትፈራው ጉድጓድ አላት።

እና አክስትየዋ “ይቅር ብላለች” ባለች በማግሥቱ ጠዋት፣ ገና የዓሣው በረዶ ጣውላው ላይ ሳይዘረገፍ፣ ልጁ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እናቱን አስከትሎ፣ አበባ ታቅፎ ዓሣ ቤት ገባ። እናትየው በእርጥቡ ወለል ላይ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በጣቷ ጫፍ ትራመዳለች።

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ! ይቅር ማለትሽን ስሰማ ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ” አለችና ከቦርሳዋ አንድ የሚያብረቀርቅ ጠርሙስ አወጣች። “ይኸው፣ ላንቺ ነው። ውድ ሽቶ ነው። ጠብ ብታደርጊው ቀኑን ሙሉ አይለቅም። በተለይ ለእጅሽ።”

አክስትየዋ ዓይኗን ጨፈነች።

“ማነው ይቅር አለች ያላችሁ?” አለች ቅርፊት።

“አክስትሽ” አለ ልጁ፣ ፈገግታው ገና ከፊቱ ሳይወርድ። “‘ይቅር ብላለች’ አለችኝ።”

“ብላለቻ! ያለችውን ነው ያልኩት! እኔ ምን አጠፋሁ?” አለች አክስትየዋ።

“እኔ ያልኩት ነገሩ ይቅር ነው! ጋብቻው ይቅር! እዚህ በር ላይ መቆምህ ይቅር!”

የልጁ ፊት ደም አጣ። “ቅርፊቴ…”

“በዚህ ስም አትጥራኝ። ያደረግኸውን ታውቀዋለህ?”

“አውቃለሁ። እናቴ መስኮቱን ስትከፍት…”

“እናቴ፣ እናቴ! ጡት አልተውክም እንዴ?”

ጠርሙሱን ከእናትየው እጅ ተቀበለች፣ ክዳኑን ነቀለች፣ እግሯ ሥር ባለው ባልዲ፣ የዓሣው የሆድ ዕቃ ላይ እስከ መጨረሻው ጠብታ አንቆረቆረችው። “ይኸው እትዬ፣ አሁንስ ምን ሸተተዎት?”

“ባለጌ!” አለች እናትየው፤ ድምፅዋ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። ልጇን በክንዱ ይዛ ወጣች። አበባው ወለሉ ላይ ቀረ።

አሸናፊ መሆን እንዲህ የሚሸት ነገር መሆኑን ቅርፊት አታውቅም ነበር። ጽጌረዳና አንጀት አንድ ላይ፤ ባልዲው ከተደፋ፣ ወለሉ ከታጠበ በኋላም አልለቀቀም። ገዢዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ከበር ተመለሱ። ቤቱን ያገማችው እሷ ናት፣ በገዛ እጇ። የዚያችን የደነገጠች አሮጊት ፊት ባሰበች ቁጥር መጀመሪያ ደስ ይላታል፣ ወዲያው ደስ ማለቷ ራሱ ያስጠላታል።

ማምሻው ላይ ሽርጧን ሳታወልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቄሱ፣ ከምስማር ጋር ፍቅር የሌላቸው ሽማግሌ፣ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ሊጠግኑ ሲታገሉ አገኘቻቸው።

“አባ፣ ይቅር ማለት አልችልም። ሞክሬ አይደለም ያልቻልኩት፤ መሞከሩም አስጠልቶኛል።”

“ለእሱ ነግረሽዋል?”

“ለፋርማሲስቱ?”

“ለእግዚአብሔር።”

“እጸየፋለሁ ብዬ? በጸሎት እንዲህ ይባላል?”

“ከዚህ የባሰ ሰምቷል። እየተጸየፍሽ ያልተጸየፍሽ፣ ሳትወጂ የወደድሽ መስለሽ ከምትቀርቢው ይሻላል።” መዶሻቸውን አስቀምጠው አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉላት። “እስቲ ልጠይቅሽ፤ የዓሣን የሆድ ዕቃ ካላወጣሽው…”

“አባ፣ በዓሣ አይስበኩብኝ! የሰበከኝ ሁሉ በዓሣ ነው የሚጀምረው።”

ቄሱ ሳቁ፤ ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ። “እሺ። ግን አንዲቷን ብቻ። ጴጥሮስ እሳት ዳር ቆሞ ጌታውን ‘አላውቀውም’ አለ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ። በኋላ ጌታ በሐይቁ ዳር ሲያገኘው መጀመሪያ ምን አለው?”

“‘ትወደኛለህን?’ አለው።”

“እሱማ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት።”

አሰበች። “ኑ፣ ብሉ አላቸው።”

“ምን ሊበሉ?”

መልሱን ታውቀዋለች። አፏ ግን እንደዚያ እንደ ጸሎቱ ቦታ ተዘጋ።

“ዓሣ ነበር፣ ልጄ” አሉ ቄሱ። “ራሱ ጠብሶ ነው የጠበቃቸው። እነሱም ሌሊቱን ሙሉ መረብ ሲጎትቱ ያደሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዴት እንደሚሸቱ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? መስኮት የከፈተ አልነበረም።” መዶሻቸውን አነሡ። “ክህደቱን ግን አልሸፈነለትም። ከበሉ በኋላ ጠየቀው፤ ደጋግሞም ጠየቀው፣ እስኪያመው። ይቅር ማለት አለመጠየቅ አይደለም። አንቺ ግን ማብላቱንም መጠየቁንም ትተሽ ባልዲ ሥር ተቀምጠሻል።”

ስለ ባልዲው ማን እንደነገራቸው አልጠየቀችም። አክስቷ ያለችበት ሠፈር ነው።

ቄሱ ምስማራቸውን ሲያጣምሙ እሷ ወደ መቅደሱ ዞራ ተንበረከከች። “እጸየፈዋለሁ” አለች፤ ወጣላት። “እናቱንም እጸየፋታለሁ።” ይህም ወጣ። “እጄን” ብላ ግን መጨረስ አቃታት፤ ሦስተኛው ከሁለቱ ሁሉ የሚከብድ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው። ተነሥታ ስትወጣ የተሻላት ነገር አልነበረም። ብቻዋን የሆነች ግን አልመሰላትም።

ልጁ ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ጠፋ። አንድ ቀን ቤቱ ሊዘጋ ሲል፣ ያለ ሙሉ ልብስ፣ ያለ አበባ፣ ያለ እናት መጣና በተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። አክስትየዋ አንድ ጊዜ አየችው፣ “እኔ መልእክት አላደርስም” ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

“ይቅር በይኝ ልልሽ አይደለም የመጣሁት” አለ። “ያልተናገርኩት ነገር አለ። ማይክሮፎን ይዤም አልተናገርኩትም። ያን ቀን እናቴ መስኮቱን ስትከፍት፣ እኔ… ወንበሬን ሸሸት አደረግሁ። አላየሽ ይሆናል።”

የቀኑን የመጨረሻ ዓሣ ይፍቅ የነበረው ቢላዋዋ ቆመ።

“ለምን?” አለች። ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም።

“ምንም አልሸተተኝም። ከሸተተኝም ሎሚ ነው። ወንበሬን ያሸሸሁት ሰዎቹ ስሸሽ እንዲያዩኝ ነው።”

እንዲህ ያለ የሚያስጸይፍ ነገር በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ሽታ ቢሆን፣ አፍንጫ ነው፣ አፍንጫ ጌታ የለውም ባለች ነበር። እሱ ግን ሳይሸተው ሸሸ! ቢላዋዋን ወርውራ ወደ ጓሮ ሮጠች፣ ከቦዩ አጠገብ ግድግዳውን ይዛ አስመለሳት። አክስትየዋ ውኃ ይዛ ደረሰች፣ ጀርባዋን አሸችላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረችም።

አፏን ስትጉመጠመጥ ነው ቃሉ የተመለሰባት። ሎሚ ነው። እጇን አየችው። ቀስ ብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ከዚያ ራት ወዲህ ያላደረገችውን። ዓሣ ሸተታት። ዓሣ ብቻ። አባቷ ማታ ማታ ሲያቅፋት የሚሸታት ሽታ። ያን ሁሉ ጊዜ በራሷ ላይ የተሸከመችው ግማት የእሷ አልነበረም፤ የሰው ፍርሃት ነበር ሲሸታት የኖረው። ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ ይህኛው ኀዘን ነበር፣ የሚወጣው ዓይነት።

ስትመለስ ልጁ እዚያው ሣጥኑ ላይ ነው። ዓይኗን ሸሽቶ፣ “ሁልጊዜ ‘ዝም አይነቅዝም’ ትለኛለች እናቴ” አለ።

“አይነቅዝም፤ ይሸታል ግን” አለች። “አሁን ሂድ።”

“እሺ።” ተነሣ።

“ለእናትህ እሑድ ለራት እመጣለሁ በላት።”

ልጁ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። “እንዲህ ማለትሽ…”

“ራት ማለቴ ነው። ሌላ ትርጉም እንዳትፈልግለት።”

እሑድ እጇን በተራ ሳሙና ታጠበች። አክስትየዋ በሩ ላይ እየተቁነጠነጠች፣ “ሎሚ ላምጣልሽ?” አለች።

“ይቅር።”

“ኧረ ይህን ቃል እባክሽ በእኔ ፊት አትጥሪው!”

ነጭ መጋረጃ ያለው ሳሎን እንደነበረ ነው። እንግዶች ግን የሉም፤ ሦስቱ ብቻ። የእናትየው ሽቶ ከበሩ ተቀበላትና ወዲያው አስጠላት። ጸልያ መጥታለች፤ አፍንጫዋ ግን ጸሎቷን የሰማ አይመስልም። ልጁ ከፊቷ ሳይሆን ከጎኗ፣ ያን ቀን በነበረበት ቦታ ተቀመጠ። እናትየው ሾርባውን አቀረበች፣ ማንኪያ አስተካከለች፣ ያልተጣመመ ጨርቅ አቃናች። ከዚያ፣ እግሯ የለመደውን ያውቃልና፣ ወደ መስኮቱ ሄደች። እጀታውን ያዘች።

ሦስቱም ባንዴ ገባቸው። እናትየው ጀርባዋን እንደሰጠች ቀረች፤ እጇ እጀታው ላይ ነው፤ ልትከፍተው አትችልም፣ ልትተወው አትችልም።

“ሞቆኝ ነው” አለች በቀጭኑ። “ልጄ ይሙት፣ ሞቆኝ ነው… ልክፈተው?”

ቅርፊት የምትመልሰው ነገር ሞልቷት ነበር። ዓመት ሙሉ የሳለችው ምላስ አላት። ግን ከዚያ ጀርባ ያየችው ያቺን መስኮት ከፋች ወይዘሮ አይደለም፤ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እጇ ያፈረች ሴት ናት። በገዛ እጅ ማፈር ምን እንደሆነ ደግሞ ከቅርፊት በላይ ማን ያውቃል?

“ይቅር፣ እማማ” አለች።

የእናትየው እጅ ከእጀታው ላይ ወረደ። ከጎኗ ልጁ፣ አንዴ እንደተቃጠለ ሰው እየተጠነቀቀ፣ በሹክሹክታ ጠየቀ።

“የትኛው ይቅር ነው?”

ሽቶው አሁንም አስጠልቷታል። ነገም ያስጠላት ይሆናል። ያም ሆኖ ያ በጸሎቷ ውስጥ የምትዘልለው ጉድጓድ ላይ እንደቆመች፣ እንዳልወደቀችም አወቀች።

“ሁለቱም” አለች።

እናትየው ዞረች፤ መሐረቧ ወድቆባት ፊቷን በመዳፏ ሸፍና፣ እንደ ልጅ በድምፅ አለቀሰች። ቅርፊት ማንኪያዋን አነሣች። ሾርባው ጨው በዝቶበታል።

“እኔስ?” አለ ልጁ።

“አንተን” አለች ሳታየው፣ “ከበላን በኋላ እጠይቅሃለሁ።”

የወንበር እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማች። ጥርሷ ሊፋጭ ነበር፤ ቆመ። ድምፁ በዚህኛው ጊዜ ወደ እሷ እየመጣ ነው። እጇን ከነጭ ጨርቁ ላይ አላነሣችም፣ አልሸሸገችምም፤ እዚያው እንዳለ ተወችው፣ የእሷ ነውና።